አዋሽ ፓርክ ሁለት ነው፦ ስለ ፈንታሌ፣ ስለ ፍል ውሃውና ስለ ሜዳው ለጠየቃችሁ

ስለ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የደረሱንን ጥያቄዎች ስናገላብጥ አብዛኞቻችሁ ፓርኩን አንድ ቦታ አድርጋችሁ እንደምታስቡት አየን። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አስፋልት ግን መሀል ለመሀል ይከፍለዋል። በስተ ደቡብ የኢላላ ሳላ ሜዳ፣ ፏፏቴውና የአዋሽ ወንዝ ገደል አለ። በስተ ሰሜን እሳተ ገሞራው የፈንታሌ ተራራና ፍል ውሃው አለ። ደቡቡ ለቤተሰብ ይሆናል፤ ሰሜኑ ግን መኪናም፣ ጉልበትም፣ ቀንም ይፈልጋል። ከዚህ በታች የምንመልሰው በዚህ መስመር ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

«ቅዳሜ ጠዋት ወጥተን ማታ ለመመለስ አስበናል። ፏፏቴውን፣ ፍል ውሃውንና የፈንታሌን አፍ በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል? መኪናችን ቪትዝ ናት።» — ከአዲስ አበባ፣ አራት ጓደኛሞች

አይቻልም። መጀመሪያ ሰዓቱን እናስላ። ፓርኩ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እስከ አዳማ በክፍያ መንገዱ ስትሄዱ ሐሳብ የለም፤ ከአዳማ ወዲያ ግን የጅቡቲ ከባድ መኪና እየተከታተለ የሚመላለስበት፣ ግመልና ከብት በድንገት የሚገባበት መንገድ ነው። አራት ሰዓት ያዙለት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ብትነሱ ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ናችሁ። በዚያ መንገድ ላይ ከመሸ በኋላ መንዳት አንመክርም፤ ስለዚህ በቀን አዲስ አበባ ለመግባት ስምንት ሰዓት ላይ መነሳት አለባችሁ። እጃችሁ ላይ የሚቀረው አምስት ሰዓት ነው፤ እሱም ፀሐይ የሚከርበትና አውሬው ጥላ ውስጥ የሚተኛበት አምስት ሰዓት።

በአንድ ቀን ከሆነ ደቡቡን ብቻ እዩ። ዋናው በር ከመተሐራ አልፎ፣ አዋሽ ሰባት ከተማ ሳይደረስ በስተ ቀኝ ነው። ከበሩ የኢላላ ሳላን ሜዳ አቋርጣችሁ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ፏፏቴው ጋ ትደርሳላችሁ። በበጋ፣ መንገዱ ደረቅ ሲሆን፣ ቪትዝም ሹፌሩ ካልቸኮለ ትገባለች። ዝናብ ከጣለ ግን በሩ ላይ ጠይቃችሁ ነው። ሰሜኑ ለቪትዝ አይሆንም። ድንጋዩ የመኪናዋን ሆድ ይመታዋል፤ ካርተሯ ከተቀደደ ዘይቱ እዚያው አመድ ላይ ፈሶ ይቀራል።

አንድ ሌሊት ካደራችሁ ነገሩ ሌላ ነው። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ድረሱ፤ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሜዳው ላይ ቀስ እያላችሁ ንዱ፤ መተሐራ ወይም አዋሽ ሰባት፣ ወይም ፏፏቴው አጠገብ ካለው ሎጅ እደሩ። እሑድ ማለዳ ወደ ሰሜን ተሻገሩ፤ ከፍል ውሃውና ከፈንታሌ ግን አንዱን ምረጡ። ለዚህኛው ቀን ባለ አራት ጎማ ነጂ ረጅም መኪና ተከራዩ።

የመግቢያው ክፍያ በዜግነት፣ በመኪናውና በምታድሩበት ሌሊት ይለያያል፤ ታሪፉም ስለሚቀየር ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። መታወቂያና ጥሬ ብር ያዙ፤ ለስካውቱ፣ አብሯችሁ ለሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ፣ የሚከፈለውም ለብቻ ነው።

«ለገና ከነልጆቼ እመጣለሁ፤ ሁለቱ 8 እና 11 ዓመታቸው ነው። እናቴም አብራን ትሄዳለች። ያ ሁሉ የመሬት መንቀጥቀጥ ከነበረ በኋላ መሄዱ ልክ ነው? በቅርቡ አፋር ውስጥ የፈነዳውስ ከዚህ ጋር ይገናኛል?» — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ወይዘሮ፣ ሁለተኛውን እናስቀድም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 የፈነዳው ሃይሊ ጉቢ ከኤርታሌ ጋር የሚቆጠር፣ በሰሜን አፋር ያለ እሳተ ገሞራ ነው። ከፈንታሌ በቀጥታ መስመር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሁለቱም በስምጥ ሸለቆው ላይ ይሁኑ እንጂ ቅልጥ ዓለት የሚጠራቀምበት የእሳት ጓዳቸው የየራሳቸው ነው፤ የአንዱ መፈንዳት የሌላው ምልክት አይደለም።

የፈንታሌው ነገር ግን እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 መጨረሻ ጀምሮ በፈንታሌና በስተ ሰሜኑ ባለው በዶፈን ተራራ መካከል ያለው ምድር ለወራት ተንቀጠቀጠ። ከ5.5 በላይ የተለኩም ነበሩ፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ሁሉ ያስታውሰዋል። ምክንያቱ ከሥር ያለው ቅልጥ ዓለት ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ በጎን፣ እንደ ቀጭን ግድግዳ ሆኖ ምድሩን እየሰነጠቀ መሄዱ ነው። ዶፈን አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ተፈናጥሯል፤ ቅልጥ ዓለቱ ራሱ ግን አልወጣም። በአካባቢው ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ ለእርስዎ ሽርሽር የሆነው ለእነሱ ኑሮ መሆኑን ልጆቹም ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ስለዚህ መሄድ አለመሄዱን በሳምንቱ ያለው ሁኔታ ይወስነዋል። ከመነሳትዎ ሦስትና አራት ቀን ቀደም ብለው ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያስደውሉ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ሰሞኑን መንቀጥቀጥ አለ ወይ፣ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው ወይ፣ በአካባቢው የጸጥታ ችግር አለ ወይ። «አዎ፣ ይንቀጠቀጣል» ካሉ ሰሜኑን ይተዉት። የገደሉ አፋፍ ላይም አይቁሙ፤ የአዋሽ ገደል በአንዳንድ ቦታ 150 ሜትር ያህል ይወርዳል፣ ጠርዙም የተሰነጣጠቀ ዓለት ነው። ለማደሪያ ምድር ቤት ወይም ድንኳን ከፎቅ ይሻላል።

በቤተሰብ ሲሆን አደገኛው መንቀጥቀጡ ብቻ አይደለም፤ ስንጥቁም ነው። መሬቱ በተከፈተበት ቦታ ላይ ላዩን አፈር ይደፍነዋል፣ ሣር ይበቅልበታል፤ ከዚያ ከባድ ዝናብ ሲጥል ውሃው አፈሩን ወደ ውስጥ አጥቦ ይወስደውና ትናንት ደህና የነበረው መንገድ ዛሬ ጉድጓድ ይሆናል። በሰሜኑ በኩል ጎርፍ ያለፈበትን መንገድ ስካውቱ ወርዶ ሳያየው መኪናው አይለፍ።

ወሩ ጥሩ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሙቀቱ ይቻላል፤ ሌሊቱ ይበርዳልና ለልጆቹ ሹራብ ይያዙ። ቦታው ወባማ ስለሆነ ከአሜሪካ ሳይነሱ ሐኪም ያማክሩ፤ መድኃኒቱ አስቀድሞ የሚጀመር ነውና ቦሌ ከደረሱ በኋላ መጠየቁ ይዘገያል። ለእናትዎ ደቡቡ ይበቃል። ፏፏቴውን በበጋ ሲያዩት ውሃው አልደረቀም ብለው ቢገረሙ፣ ከላይ ያለው የቆቃ ግድብ ውሃውን ይዞ ዓመቱን ሙሉ ስለሚለቅ ነው።

«ሦስት ሆነን ፈንታሌን መውጣት እንፈልጋለን። ስፖርተኞች ነን። ስካውት ግዴታ ነው? ላቫው ይታያል?» — ከአዳማ

ላቫ አይታይም። ቀይ ሆኖ የሚፈላ ሐይቅ የምትጠብቁ ከሆነ ያ የኤርታሌ ታሪክ ነው። የፈንታሌ አፍ ሞላላ ገበቴ ይመስላል፤ በረጅሙ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ግድግዳው ወደ 350 ሜትር ይወርዳል፣ ወለሉ ላይ ቁጥቋጦ በቅሎበታል። እንዲህ የሰፋው የተራራው ጓዳ በአንድ ታላቅ ፍንዳታ ባዶ ሲሆን ጣሪያው ስለተደረመሰ ነው፤ ይህም ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። የቅርቡ ፍሰት ከተራራው በስተ ደቡብ ከተሰነጠቀ መሬት የወጣው ነው፤ ገና 200 ዓመት ገደማው ነው። እሱን ለማየት መውጣት አያስፈልጋችሁም፦ መተሐራ ልትገቡ ስትሉ፣ በሰቃ ሐይቅ አጠገብ፣ አስፋልቱ ግራና ቀኝ የተከመረው ጥቁር ድንጋይ እሱ ነው። ሣር እንኳ በወጉ አልያዘውም።

ስካውት ግዴታ ነው፤ ባይሆንም እንዳትለዩት። መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው፣ ከከረዩና ከአፋር እረኞች ጋር ተነጋግሮ የሚያሳልፋችሁም እሱ ነው።

ጫፉ 2,007 ሜትር ነው፤ ሥሩ ያለው ሜዳ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መኪናው የቻለውን ያህል ቢያወጣችሁም አንድ ሺህ ሜትሩን በእግር እንደምትወጡት አድርጋችሁ ተዘጋጁ። ስፖርተኛ በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ በሙቀት ግን 300ውን ያዙ። ሦስት ሰዓት ተኩል ለመውጣት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ለመውረድ። ጎህ ሲቀድ ከጀመራችሁ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ቁልቁል እየወረዳችሁ ነው። ረፋዱ ላይ የሚጀምር ሰው እኩለ ቀን ጥላ የሌለበት ጋራ ላይ ያገኘዋል፤ እዚያ ላይ የሚታመመው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ «እኔ እችላለሁ» ያለው ነው።

ውሃ ለአንድ ሰው 5 ሊትር፤ ሁለት ሊትሩን ለመውረጃ አስቀሩ። ውሃ ብቻ መጠጣት አይበቃም፤ ላብ ጨው ይወስዳልና ቆሎ፣ ጨው ያለው ዳቦ ወይም የተበጠበጠ ኦአርኤስ ይኑራችሁ። ጫማችሁ ሶሉ ጠንካራ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ይሁን። የፈንታሌ ድንጋይ ባልጩት ያለበት ነው፤ ሲሰበር እንደ ጠርሙስ ነው የሚቆርጠው። በእጅ ለምትይዙበት ቦታ የሠራተኛ ጓንት ያዙ።

ስትወጡ ድንጋዩን እዩት። አንዳንዱ ጠፍጣፋ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ በውስጡ የተለጠጡ ጥቋቁር ምላሶች ያሉበት ነው። ላቫ አይደለም፤ በፍንዳታው ጊዜ በተራራው ጎን እንደ ጎርፍ የወረደ ትኩስ አመድ ነው። ሲወርድ ከመሞቁ የተነሳ እንደገና ተጣብቆ ዓለት ሆነ። ከሥሩ የታፈነው ጋዝ ደግሞ እንደ እንጀራ ዓይን አነፋፍቶታል፤ ልዩነቱ ይህኛው «ዓይን» ሰው የሚያስቆም ጉልላት መሆኑ ነው። አንዳንዱ ተሰብሮ ዋሻ ሆኗል።

ከተራራው ቀዳዳዎች የሚወጣው እንፋሎት በማለዳ ነው በደንብ የሚታየው፤ ቀዝቃዛ አየር ሲያገኘው ይነጣል። እኩለ ቀን ላይ የጠፋ ይመስላል እንጂ እየወጣ ነው። የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው አላየሁትም ብሎ እጁን ይሰድዳል። ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ቀይና ነጭ አፈር የበሰለ ጭቃ ነው፣ ከላይ ደረቅ ከሥር ትኩስ፤ አትርገጡት። ወደ ጉድጓድና ወደ ዋሻ አትግቡ፤ ከመሬት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል፣ ሽታም የለውም። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሌላው ጋዝም ቢሆን አፍንጫን ያደነዝዛልና ሽታው ስለጠፋ ጋዙ ሄደ አትበሉ። ራስ ምታት ወይም ማዞር የተሰማው ሰው ካለ ነፋሱ ወደሚመጣበት ወገን፣ ወደ ከፍታ ውጡ።

«እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ቁርጥማት አለባት። የአዋሹ ፍል ውሃ ፍቱን ነው ይሉናል፤ ልውሰዳት?» — ከድሬዳዋ

ፍል ውሃ ሕመሙን ለጥቂት ሰዓት ያላላል፤ በሽታውን አይነቅለውም። የአዋሹ ውሃ መልኩ ያታልላል፤ በዘንባባ መሀል ያለ፣ ወለሉ ድረስ የሚታይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ግን ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ድንጋያማና አንገጫጋጭ ነው። ለቁርጥማተኛ የሄዱበት መንገድ ውሃው የሰጠውን መልሶ ይወስደዋል። ለእናትዎ እንደ ሶደሬ ያለ አስፋልት የሚያደርስ ፍል ውሃ ይሻላቸዋል።

ለመሄድ ከቆረጡ ግን፦ ከምንጩ አፍ ላይ አይግቡ፣ ፈንጠር ብሎ ከሚቀዘቅዝበት እንጂ። የእጅዎን ጀርባ ነክረው ሠላሳ ድረስ ይቁጠሩ፤ ካልቻሉት እናትዎም አይችሉትም። አሥር ደቂቃ ይበቃል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸው ሳይፈቅድ አይግቡ፤ ከገቡም ሲወጡ መጀመሪያ ዳር ላይ ይቀመጡ፣ ከዚያ ይነሱ፤ በድንገት የተነሳ ሰው ይወድቃል። ራስ ከውሃው በላይ ይሁን፤ በሞቀ የተፈጥሮ ውሃ ውስጥ በአፍንጫ ገብታ አንጎልን የምታጠቃ አሜባ ልትኖር ትችላለች፣ እምብዛም ባታጋጥምም መዳኛ የላትም ማለት ይቻላል። ውሃውን አይጠጡት፤ የስምጥ ሸለቆ ፍል ውሃ ፍሎራይዱ ከፍ ያለ ነው፣ የአካባቢውን ሕፃናት ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው።

ወደ ታች ሄዶ ውሃው የሚቀዘቅዝበት ደግሞ የአዞ ነው። ስካውቱ «እዚህ» ካለዎት ቦታ ውጭ አይግቡ። ምንጩን አርብቶ አደሮቹ ለመታጠቢያና ለከብት ይጠቀሙበታል፤ የሚታጠብ ሰው ካለ ራቅ ብለው ተራ ይጠብቁ፤ ካሜራውንም መኪና ውስጥ ይተዉት።

«አስጎብኚ ሹፌር ነኝ። ወደ ፓርኩ በሄድኩ ቁጥር ጎማ ይበሳብኛል። ስንት መንፋት አለብኝ? ምንስ ልያዝ?» — ከሞጆ

ሁለት ዓይነት ጉዳት ነው ያለው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ደቡቡ ላይ የሚበሳው የግራር እሾህ ነው። እሾሁ ጎማው ውስጥ ተሰክቶ ራሱ ቡሽ ይሆናል፤ አየሩ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ስህተቱ ሜዳ ላይ ወርዶ መንቀል ነው። ነፋስ በፍጥነት እስካልወጣ ድረስ አይንቀሉት፤ በየሰዓቱ እየለኩ እስከ ጎሚስታው ይሂዱ። ሰሜኑ ላይ ግን የሚቆርጠው ድንጋይ ነው፣ የሚቆርጠውም የጎማውን ጎን ነው። ጎኑ የተቀደደ ጎማ አይለጠፍም።

በኮረኮንች ላይ ጎማውን ከተለመደው ትንሽ ማላላት ያግዛል፦ አስፋልት ላይ 36 የሚነፉ ከሆነ 30 ያድርጉት። ከዚያ በታች ካወረዱት ጎኑ ያብጥና ድንጋዩ በቀላሉ ያገኘዋል። የሚለካው ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው፤ ጎማ ሲግል ልኩ ከፍ ስለሚል እኩለ ቀን ላይ ለክቶ የሚያላላ ሹፌር ማታ ላይ ለስላሳ ጎማ ይዞ ይገኛል። በላላ ጎማ በሰዓት ከ40 በላይ አይንዱ፤ አስፋልት ሲገቡም መልሰው ይንፉት፤ ለዚህ ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ያስፈልጎታል።

ወደ ሰሜን ሁለት ቅያሪ ጎማ ይያዙ። ክሪኩ ብቻውን አይበቃም፤ አመዳማ አፈር ላይ መኪናውን ከማንሳት ይልቅ ራሱ ይሰምጣል። ሠላሳ በሠላሳ ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ከሥሩ ያድርጉለት። ነዳጅ አዳማ ወይም መተሐራ ሞልተው ይግቡ።

ሌላው ብዙ ሹፌር የማያስበው ሣሩ ነው። በኢላላ ሳላ የደረቀ ሣር መሀል ከነዱ ዘሩ ራዲያተሩን ይደፍነዋል፤ መኪናው «ያለ ምክንያት» ይግላል። ክዳኑን በትኩሱ እንዳይከፍቱት፤ ሞተሩን አጥፍተው ይጠብቁና ከፊት ለፊት በብሩሽ ያራግፉት። ጭስ ማውጫው ላይ የተጠቀለለ ሣር ደግሞ እሳት ያስነሳል። ከተፈቀደው መንገድ መውጣት ክልክል የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

«ሉሲ የተገኘችው እዚህ ፓርክ ውስጥ ነው? ክርክር አለብን።» — ከደብረ ብርሃን፣ ተማሪዎች

አይደለም። ሉሲ እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘችው ሃዳር ነው፤ ከፓርኩ በቀጥታ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን። ያሳሳታችሁ የወንዙ ስም ነው። ሁለቱም አዋሽ ሸለቆ ውስጥ ናቸው፤ ወንዙም ረጅም ነው፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል።

«ሁለት ጊዜ ሄደን ከከርከሮና ከዝንጀሮ በቀር አላየንም። አንበሳ አለ ይባላል፤ ውሸት ነው?» — ከቢሾፍቱ፣ ባልና ሚስት

አንበሳ አለ፤ እሱን ብላችሁ ከሄዳችሁ ግን ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ። አዋሽ የሳላ ፓርክ ነው። ሜዳው ኢላላ ሳላ የተባለው በስሙ ነው። ፊቱ ጥቁርና ነጭ፣ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለ፤ ወንዱም ሴቷም ቀንዳም ናቸው። ከጎን ስታዩት ሁለቱ ቀንዶች ይደራረቡና አንድ ይመስላሉ።

ምን ሰዓት ሄዳችሁ ነበር? ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ጠዋት፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ማታ ካልሆነ አትድከሙ። በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ አትንዱ፤ በየመቶ ሜትሩ ሞተሩን አጥፉና ሁለት ደቂቃ ዝም በሉ። አጋዘን መሰሉ አምባራይሌ ከቁጥቋጦው መሀል ሆኖ እናንተን እያየ ነው፤ መጀመሪያ የምታዩት ጆሮው ሲንቀሳቀስ ነው። ትንሿ ሚዳቋ መሰል እንሹ ጥንድ ጥንድ ሆና ትቆማለች፤ አንዷን ካያችሁ ሌላዋን ዙሪያዋን ፈልጉ።

«ዝንጀሮ ብቻ» ያላችሁትንም ደግማችሁ እዩት። ከፏፏቴው በላይ ያለው ተራው ዝንጀሮ ነው፤ ወደ ታች፣ ወደ ገደሉ፣ ወንዱ ብርማ ጎፈር ያለው ነጩ ዝንጀሮ ነው። ፏፏቴው አካባቢ ሁለቱ ይዳቀላሉ፤ ከመላው ዓለም ተመራማሪ እየመጣ ለአሥርተ ዓመታት ያጠናው ይህንኑ ነው። ምሳችሁን ግን መኪና ውስጥ፣ መስኮት ዘግታችሁ ብሉ። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ከሃምሳ ሜትር ይሰሙታል።